የዩኒቨርሲቲ ጂፒኤ እንዴት ይሰላል? የባሕር ዳር ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ በተለቀቀ ሰሞን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ዙሪያ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ የሚቀመጥ ሰው፣ ስልኩን አውጥቶ ሲደምርና ሲያካፍል የሚውል ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) አያጣም። የብዙዎቹ ስሌት ሬጅስትራር ካወጣው ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ አንዱ «ውጤቴ ተቀንሷል» ብሎ ይጨነቃል፣ ሌላው ደግሞ እውነተኛ ስህተት ተፈጥሮበት እያለ ሳያውቅ ይቀበላል። ከዳንግላ፣ ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ልጁን የላከ ወላጅም «2.80 አመጣሁ» ሲባል ደስ ሊለው ይገባ ወይም ሊያዝን ይገባ እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው አያገኝም። ከእነዚህ ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግሜ የሰማኋቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ። የስሌቱ መንገድ በየትም ግቢ አንድ ዓይነት ነው። ለማለፍ፣ ለማስጠንቀቂያና ለማዕረግ የሚያገለግሉት ወሰኖች ግን በየተቋሙ የሴኔት ሕግ የሚደነገጉ ስለሆነ፣ ውሳኔ የሚያስከትል ጉዳይ ሲያጋጥም ያንኑ ሕግ አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ጂፒኤ ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

ጂፒኤ ተማሪው በወሰዳቸው ኮርሶች ያገኘው የግሬድ ነጥብ አማካይ ነው። አማካዩ ግን ሁሉንም ኮርስ እኩል የሚቆጥር ሳይሆን እያንዳንዱን ኮርስ በክሬዲቱ፣ ማለትም ለኮርሱ ስፋት በተሰጠው ቁጥር፣ መጠን የሚመዝን ነው፤ የብዙ ተማሪዎች ስሌት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጣና ዳር ዓሣ የሚገዛ ሰው እናስብ። ቀረሶ በኪሎ 300 ብር፣ አምባዛ ደግሞ በኪሎ 200 ብር ነው እንበል። ገዢው አራት ኪሎ ቀረሶና አንድ ኪሎ አምባዛ ቢገዛ በአማካይ ለአንድ ኪሎ የከፈለው 250 ብር አይደለም። በጠቅላላው የከፈለው 1,400 ብር፣ የያዘው 5 ኪሎ ስለሆነ አማካዩ 280 ብር ይሆናል፤ ቀረሶው በሚዛኑ ላይ በዝቶ ስለተገኘ ዋጋውን ወደ ራሱ ስቦታል። በጂፒኤ ስሌት የኪሎውን ቦታ የሚይዘው ክሬዲት ሲሆን የዋጋውን ቦታ የሚይዘው ደግሞ የግሬዱ ነጥብ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ብዜቶቹ ይደመራሉ፣ ድምሩም ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል።

እያንዳንዱ ግሬድ ስንት ነጥብ አለው?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት በሚሠራበት ሥርዓት ኤ ፕላስ እና ኤ እኩል 4.00 ነጥብ ይይዛሉ። ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.50፣ ቢ 3.00፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.50፣ ሲ 2.00፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ ደግሞ 1.00 ነው። ኤፍ ኤክስ እና ኤፍ ዜሮ ናቸው። ከመቶ ስንት ያመጣ ተማሪ የትኛውን ፊደል ያገኛል የሚለው ከተቋም ተቋም መጠነኛ ልዩነት ስላለው፣ ኮርሱ ሲጀመር መምህሩን መጠየቅ ከሁሉ ይሻላል።

እስቲ በምሳሌ ይሰላልን።

አንድ የፍሬሽማን ተማሪ ስድስት ኮርሶች ወስዳለች እንበል። ባለ 3 ክሬዲት በሆነው ጂኦግራፊ ኤ፣ በጄኔራል ሳይኮሎጂ ኤ ማይነስ፣ በሎጂክ ቢ ፕላስ፣ በእንግሊዝኛ ቢ፣ በሒሳብ ሲ አግኝታለች፤ አምስቱም ኮርሶች 3 ክሬዲት ናቸው። ባለ 2 ክሬዲት በሆነው አንትሮፖሎጂ ደግሞ ሲ ፕላስ አምጥታለች።

ጂኦግራፊ 4.00 በ3 ተባዝቶ 12 ይሆናል። ሳይኮሎጂ 11.25፣ ሎጂክ 10.50፣ እንግሊዝኛ 9፣ ሒሳብ 6፣ አንትሮፖሎጂ 5 ይሆናሉ። ድምሩ 53.75 ነው። የክሬዲቱ ድምር 17 ስለሆነ 53.75 ለ17 ሲካፈል 3.16 ይመጣል፤ የሴሚስተሩ ጂፒኤ ይህ ነው። ክሬዲቱን ረስታ ስድስቱን ነጥቦች ብቻ ደምራ ለስድስት ብታካፍል 3.13 ባገኘች ነበር። በፍሬሽማን ዘመን አብዛኞቹ ኮርሶች ተቀራራቢ ክሬዲት ስላላቸው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ዲፓርትመንት ከተገባ በኋላ ግን ይሰፋል። በባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ሲ፣ በባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ኤ ያገኘ ተማሪ የሁለቱ አማካይ 2.67 ነው። ያንኑ ኤ በባለ 4፣ ያንኑ ሲ በባለ 2 ያገኘ ጓደኛው ግን 3.33 አለው። ፊደሎቹ አንድ ሆነው ሳለ ውጤቱ የተለያየው በክሬዲቱ ምክንያት ብቻ ነው።

ክሬዲት ሳይሆን ኢሲቲኤስ የሚባል መለኪያ በትራንስክሪፕቴ ላይ አለ። ስሌቱ ይለያል?

አይለይም። ኢሲቲኤስ ከአውሮፓ የተወሰደ የሥራ ጫና መለኪያ ሲሆን፣ ለአንድ ሴሚስተር 30 ያህል ይመደባል። በሞጁል ሥርዓት የተማሩ ሰዎች ትራንስክሪፕት ላይ በክሬዲት ሰዓት ቦታ ይገኛል። ማባዛቱ፣ መደመሩና ማካፈሉ እንዳለ ነው፤ ሁለቱን መለኪያዎች ግን በአንድ ስሌት ውስጥ መደባለቅ አይገባም።

የሴሚስተር ጂፒኤና ኩሙሌቲቭ ጂፒኤ ምን ልዩነት አላቸው?

የሴሚስተሩ የዚያን ሴሚስተር ኮርሶች ብቻ ይይዛል፤ ኩሙሌቲቩ ወይም ሲጂፒኤ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባበት ቀን ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ ይይዛል። ተማሪዎች በብዛት የሚፈጽሙት ስህተት የሁለት ሴሚስተሮችን ጂፒኤ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ይህ የሚያስኬደው የሁለቱ ሴሚስተሮች ክሬዲት እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

ከላይ ያየናት ተማሪ በቀጣዩ ክረምት በ6 ክሬዲት ብቻ ተመዝግባ በሁሉም ኤ ብታገኝ የክረምቱ ጂፒኤ 4.00 ይሆናል። 3.16 እና 4.00 ተደምረው ለሁለት ቢካፈሉ 3.58 ይመጣል፤ ይህ ግን የሌለ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ስሌት ከመጀመሪያው ሴሚስተር 53.75፣ ከክረምቱ 24፣ በድምሩ 77.75 ለ23 ክሬዲት ተካፍሎ 3.38 ነው። ስለዚህ ኩሙሌቲቭ ሲሰላ ሁልጊዜ ወደ ነጥቡና ወደ ክሬዲቱ ድምር መመለስ እንጂ አማካይን ከአማካይ ጋር ማማከል አይገባም። በየመሐሉም አሃዝ ሳይጠጋጋ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ሁለት አሃዝ ቢጠጋጋ ጥሩ ነው።

በዝቅተኛ ውጤት ጀምሬአለሁ። ጂፒኤዬን ከፍ ማድረግ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ምን ያህል እንደሚቻል የሚወስነው ግን ጥረቱ መቼ እንደ ተጀመረ ነው። ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በሰፊው የምመልሰው፣ በጊዜው ያልተነገራቸው ተማሪዎች ሲጎዱ ስላየሁ ነው።

ሁለት ተማሪዎችን እንውሰድ። ሁለቱም ኩሙሌቲቫቸው 2.40 ነው። የመጀመሪያው አንድ ሴሚስተር ብቻ፣ ማለትም 17 ክሬዲት ጨርሷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰባት ሴሚስተር፣ ማለትም 119 ክሬዲት ጨርሶ የመጨረሻው 17 ክሬዲት ቀርቶታል። ሁለቱም ተነሣሥተው በቀጣዩ ሴሚስተር ግሩም የሆነ 3.60 ቢያመጡ፣ የመጀመሪያው ኩሙሌቲቭ በአንድ ጊዜ 3.00 ይደርሳል። የሁለተኛው የሚደርሰው 2.55 ብቻ ነው። ሁለተኛው ተማሪ በሁሉም ኮርስ ኤ አምጥቶ 4.00 ቢያገኝ እንኳ ከ2.60 አያልፍም። ጥረታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ፍሬው የተለያየው፣ የሁለተኛው አዲስ ነጥብ ከኋላው በተከማቸው ትልቅ ድምር ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ክሬዲት እየተጠራቀመ ሲሄድ ኩሙሌቲቭ እንደ ጣና ይሆናል። ግልገል ዓባይ በክረምት ሞልቶ ቢገባበት እንኳ ሐይቁ ከፍ የሚለው ቀስ በቀስ ነው፤ ጫፍ ላይ የሚደርሰውም ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በመስከረም ገደማ ነው።

ከግማሽ ላይ ያለ ተማሪስ? አራት ሴሚስተር፣ 68 ክሬዲት ጨርሶ 2.40 ያለው ተማሪ በ136 ክሬዲት ሲመረቅ 3.00 እንዲኖረው ቢፈልግ፣ በቀሩት አራት ሴሚስተሮች በአማካይ 3.60 ማምጣት አለበት። ከባድ ነው፤ ነገር ግን የሚቻል ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፦ የሚፈለገው ጂፒኤ በጠቅላላው ክሬዲት ይባዛል፣ እስካሁን የተገኘው ነጥብ ይቀነሳል፣ የቀረው ለቀሪው ክሬዲት ይካፈላል። የሚመጣው ቁጥር ከ4.00 ከበለጠ ግቡ በዚያ ጊዜ ውስጥ የማይደረስበት ስለሆነ፣ ራስን በከንቱ ከማስጨነቅ ሌላ ግብ መምረጥ ያስፈልጋል። «የመጀመሪያው ዓመት ለመላመጃ ነው፣ በኋላ ይካካሳል» የሚለው ከሲኒየር ወደ ፍሬሽማን የሚተላለፍ ምክር በዚህ ምክንያት ጎጂ ነው፤ እኔ ማንም ተማሪ እንዲቀበለው አልመክርም።

ጊዜዬ ውስን ነው። ጂፒኤዬን ለማሳደግ በየትኛው ኮርስ ላይ ባተኩር ይሻላል?

የግሬዶቹን ነጥብ በጥንቃቄ ያየ ሰው ደረጃዎቹ እኩል እንዳልተራራቁ ያስተውላል። ከኤ ማይነስ ወደ ኤ መውጣት 0.25 ብቻ ይጨምራል፤ ከኤ ወደ ኤ ፕላስ መውጣት ደግሞ በጂፒኤ ላይ ምንም አይጨምርም። ከሲ ወደ ሲ ፕላስ እና ከቢ ወደ ቢ ፕላስ መውጣት 0.50 ያስገኛል። ከዲ ወደ ሲ ማይነስ መውጣት 0.75፣ ከኤፍ ወደ ዲ መውጣት ደግሞ ሙሉ 1.00 ነጥብ ነው። ስለዚህ በደካማው ኮርስ ላይ አንድ ደረጃ ማሻሻል በጠንካራው ኮርስ ላይ አንድ ደረጃ ከማሻሻል ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ወደ ምሳሌያችን ተማሪ እንመለስ። ጂፒኤዋ 3.16 ነበር። ሳይኮሎጂውን ከኤ ማይነስ ወደ ኤ ብታሳድገው 3.21 ይሆንላት ነበር። ባለ 2 ክሬዲቱን አንትሮፖሎጂ ከሲ ፕላስ ወደ ቢ ብታሳድገው 3.22። ሒሳቡን ከሲ ወደ ቢ ብታሳድገው ግን 3.34 ይሆን ነበር። ተማሪዎች የሚወዱትን ኮርስ ደጋግመው ያነባሉ፣ የሚፈሩትን ደግሞ ለፈተና ዋዜማ ያቆያሉ፤ ይህ ሰውኛ ነው። ይሁን እንጂ ሚድ ተፈትኖ ውጤት እንደ ታወቀ ክሬዲቱ ከፍ ያለውንና ውጤቱ ዝቅ ያለውን ኮርስ ለይቶ፣ ለቱቶሪያልም ሆነ ለቡድን ጥናት ቅድሚያውን ለእርሱ መስጠት ብልህነት ነው።

ዋርኒንግ ደርሶኛል። ምን ማለት ነው?

በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት መሠረት በመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር 1.75 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ያልፋል፤ ከ1.50 ጀምሮ ከ1.75 በታች ያመጣ በማስጠንቀቂያ ይቀጥላል፤ ከ1.50 በታች ያመጣ ደግሞ ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ ያለው መደበኛ ወሰን ኩሙሌቲቭ 2.00 ሲሆን፣ ለመመረቅም የሚጠየቀው ይኸው ነው። ለማስተርስ ተማሪዎች ወሰኑ 3.00 ነው።

በ17 ክሬዲት 1.70 አምጥቶ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተማሪ ያለው ነጥብ 28.9 ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ቢወስድና ኩሙሌቲቩን 2.00 ማድረስ ቢፈልግ ቢያንስ 2.29 ማምጣት ይኖርበታል። ይህም በአብዛኛው ሲ ፕላስና ሲ ይዞ መሐሉ ላይ ቢ ቢጨምር የሚደረስበት ውጤት ነው። ዋርኒንግ የደረሰው ተማሪ ለቤተሰቡ መናገር ያፍራል፣ ከጓደኞቹም ይሸሻል፤ ብዙ ጊዜ ከጂፒኤው በላይ የሚጎዳው ይህ ብቸኝነት ነው። አማካሪ መምህሩን በመጀመሪያው ሳምንት ማነጋገር፣ ከዚያም ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ማስፈር ይገባዋል፤ የሚፈራው ነገር በቁጥር ሲታይ ይቀልላል።

ኤፍ ካገኘሁና ኮርሱን ከደገምኩ የቀድሞው ይሰረዛል?

በመጀመሪያ ኤፍ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ኤፍ ዜሮ ነጥብ ይዞ ይመጣል፤ ክሬዲቱ ግን ከአካፋዩ ውስጥ አይወጣም። የምሳሌያችን ተማሪ በሒሳብ ሲ ሳይሆን ኤፍ ብታገኝ ኖሮ ድምሯ 47.75 ሆኖ ለዚያው ለ17 ስለሚካፈል ጂፒኤዋ 2.81 ይሆን ነበር።

ኮርሱ ሲደገም በአብዛኛው የሚሠራበት ደንብ አዲሱ ግሬድ የቀድሞውን ተክቶ ወደ ስሌቱ እንዲገባ ነው። ተማሪዋ ደግማ ቢ ብታገኝ የእነዚያ ኮርሶች አማካይ 3.34 ይሆናል። ሁለቱም ግሬዶች የሚቆጠሩበት ደንብ ቢሆን ኖሮ ግን 56.75 ለ20 ክሬዲት ተካፍሎ 2.84 ብቻ ይሆን ነበር። ልዩነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ለድጋሚ ከመመዝገብ በፊት የተቋሙ ሕግ የትኛውን እንደሚል ከሬጅስትራር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የቀድሞው ግሬድ ከስሌት ቢወጣም ከትራንስክሪፕት ላይ እንደማይጠፋ ማወቅም ተገቢ ነው። ኤፍ ኤክስ ያገኘ ተማሪ ደግሞ በብዙ ተቋማት ኮርሱን ሙሉ በሙሉ ሳይደግም የድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል አለው። የዚህ ፈተና ቀን ብዙውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ ስለሚወጣ፣ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሄደ ተማሪ ሳይሰማ እንዳያመልጠው የዲፓርትመንቱን የቴሌግራም ግሩፕ መከታተል አለበት።

ኤንጂ፣ ኢንኮምፕሊት፣ ፒ የሚሉት በጂፒኤ ውስጥ ይቆጠራሉ?

አይቆጠሩም፤ የሚያስከትሉት ነገር ግን የተለያየ ነው። ፒ ማለት ማለፍ ብቻ ስለሆነ፣ በፍሬሽማን እንደሚሰጠው የአካል ብቃት ኮርስ፣ ነጥብ አይጨምርም አይቀንስምም። ኢንኮምፕሊት ተማሪው በበቂ ምክንያት ፈተና ወይም ሥራ ሲጎድለው የሚሰጥ ነው። ኤንጂ ደግሞ ግሬድ አለመገባቱን ያመለክታል። ሁለቱም ጊዜያዊ ናቸው፤ በተወሰነላቸው ቀን ካልተስተካከሉ ወደ ኤፍ ሊቀየሩ ይችላሉ። ኤንጂ ያየ ተማሪ «መምህሩ ያስተካክለዋል» ብሎ ከመጠበቅ በዚያው ሳምንት ራሱ ሄዶ ይጠይቅ።

ልጄ 2.80 አመጣች። ከመቶ ስንት ማለት ነው? ጎበዝ ናት?

ከመቶ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ መቶ ቀጥታ መንገድ የለም። 2.80 ለ4 ተካፍሎ «ከመቶ 70» ይባል ይሆናል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። 90 ያመጣና 100 ያመጣ ተማሪ ሁለቱም በፊደል ኤ ፕላስ፣ በነጥብም 4.00 ስለሚባሉ፣ ጂፒኤውን መልሶ ወደ መቶ የሚለውጥ ሰው የጠፋውን ዝርዝር ሊያገኘው አይችልም።

ይልቅስ እንዲህ ብለው ይረዱት። 2.00 ማለት ልጅዎ በአማካይ በሲ እየተራመደች ነው፣ አልወደቀችም። 3.00 ማለት በአማካይ ቢ ላይ ናት። 2.80 ስለዚህ ወደ ቢ የተጠጋ ደህና ውጤት ነው፤ ከ12ኛ ክፍል ወጥታ ወደ አዲስ ቋንቋና ወደ አዲስ የትምህርት አሰጣጥ በገባችበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ሊያበረታቷት እንጂ ሊወቅሷት አይገባም። በከተማችን በየግድግዳው የሚለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች ካስተዋሉ፣ አዲስ ተመራቂ የሚፈልጉት ብዙዎቹ ዝቅተኛውን ወሰን 2.75 ወይም 3.00 ያደርጋሉ። ልጅዎ ገና መጀመሪያዋ ከሆነ፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ 3.00ን ለማለፍ ሰፊ ጊዜ አላት።

የፖሊ ተማሪ 2.90 እና የፔዳ ተማሪ 3.40 ቢያመጡ ማን ይበልጣል?

በዚህ መንገድ ሊወዳደሩ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ፖሊ ቴክኒክና እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ (የዛሬው ፔዳ) እ.ኤ.አ. በ2000 ተዋሕደው አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ የግሬድ ነጥቡ ለሁሉም ግቢ አንድ ነው፤ ይሁንና በኢንጂነሪንግ፣ በሕግ፣ ዘንዘልማ በሚሰጠው ግብርናና በሌላው ዘርፍ ያለው የኮርስ ዓይነት፣ የላብራቶሪ ሥራና የአመዛዘን ልማድ ይለያያል። ጂፒኤ ትርጉም የሚኖረው በአንድ ዲፓርትመንት፣ በአንድ ባች ውስጥ ካሉ ተማሪዎች ጋር ሲታይ ነው።

በማዕረግ ለመመረቅ ስንት ያስፈልጋል?

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ3.25 ጀምሮ በማዕረግ፣ ከ3.50 ጀምሮ በከፍተኛ ማዕረግ፣ ከ3.75 ጀምሮ ደግሞ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይባላል። ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጡ ተቋማትም አሉ።

የመውጫ ፈተናው በጂፒኤ ውስጥ ይገባል?

አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም ዘርፎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 ከመቶ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ መስፈርት ነው። ኩሙሌቲቩ 3.80 የሆነ ተማሪ ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም፤ 2.10 ያለው ደግሞ ካለፈ ይቀበላል። ፈተናው የሚያተኩረው በዲፓርትመንቱ ዋና ዋና ኮርሶች ላይ ስለሆነ፣ እነዚያን በቅጡ የተማረ ሰው ለሁለቱም አብሮ ይዘጋጃል።

ውጭ አገር ለማመልከት ጂፒኤዬን ራሴ ልለውጠው?

ማመልከቻው ራስዎ እንዲለውጡ ካልጠየቀ በቀር እንዳለ «ከ4.00» ብሎ መጻፍ የተሻለ ነው። ተመሳሳይ የሚመስሉት መለኪያዎች እንኳ አይገጥሙም፤ በአሜሪካ በሚገኙ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ኤ ማይነስ 3.7፣ ቢ ፕላስ 3.3፣ ሲ ፕላስ 2.3 ስለሆኑ፣ የእኛ ትራንስክሪፕት እዚያ ሲደርስ በእነርሱ መለኪያ እንደ አዲስ ሊሰላ ይችላል። ጀርመን ደግሞ አቅጣጫው የተገለበጠ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው 1.0 ሲሆን 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው። እዚያ በሰፊው የሚሠራበት ስሌት ከከፍተኛው ነጥብ ላይ ያገኙትን ይቀንሳል፣ ውጤቱን በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ መካከል ላለው ልዩነት ያካፍላል፣ በ3 አባዝቶ 1 ይደምርበታል። 4.00ን ከፍተኛ፣ 2.00ን ዝቅተኛ ማለፊያ ብናደርግ የምሳሌያችን ተማሪ 3.16 በዚያ አቆጣጠር 2.26 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ዝቅ ያለ ሳይሆን ጥሩ የሚባል ውጤት ነው።

ሬጅስትራር ያወጣው ቁጥር እኔ ካሰላሁት ጋር ካልገጠመ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ከፊደሎቹ በፊት የክሬዲቱን ድምር ማየት ይገባል። በምዝገባ ወቅት የተሰጠው ስሊፕ ላይ ያለው ጠቅላላ ክሬዲትና በግሬድ ሪፖርቱ ላይ ያለው እኩል ካልሆኑ፣ የጠፋ ወይም በስህተት የተመዘገበ ኮርስ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ነጥብ የማይዙት ኮርሶች ከስሌቱ መውጣታቸው ይታያል። ሁለቱም ደህና ሆነው ልዩነቱ ከቀጠለ በአንዱ ኮርስ ግሬድ ላይ ጥርጣሬ ይኖራል፤ ቅሬታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ አጭር ስለሆነ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል።

የእኅቴ ልጅ በአንድ ኮሌጅ ስትማር በአንድ ሴሚስተር በ19 ክሬዲት ተመዝግባ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ሲሆን በእርሱም ኤ አግኝታለች። ግሬድ ሪፖርቷ ሲወጣ ጂፒኤዋ 3.00 ይላል፤ እርሷ ያሰላችው ግን 3.11 ነበር። ፊደሎቹ ሁሉ ትክክል ስለነበሩ ጓደኞቿ «ስሌትሽ ነው የተሳሳተው» አሏት። ከስሊፑ ጋር ስታስተያየው ባለ 5 ክሬዲቱ ኮርስ ባለ 3 ተብሎ መመዝገቡንና የክሬዲቱ ድምር 17 መሆኑን አየች። ስሊፑን በፋይል አስቀምጣ ስለነበር ከማመልከቻዋ ጋር አያይዛ አቀረበች፤ በሳምንቱም ተስተካክሎ 3.11 ተጻፈላት። ከዚያ ወዲህ የየሴሚስተሩን ስሊፕና ግሬድ ሪፖርት በአንድ ክላሰር ውስጥ እያኖረች እስክትመረቅ ድረስ ድምሩን በእጇ ስትሠራ ቆየች።